ተሸኝቼ የቀረሁ ጊዜ

ሰው ተሸኝቶ ካልሄደ ምን እንደሚባል የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ይንገረኝ። ለሞተ «ነፍስ ይማር» ይባላል፤ ለመጣ «እንኳን ደህና መጣህ» ይባላል፤ የታሰረም የተፈታም የየራሱ ሰላምታ አለው። ቋንጣው ደርቆለት፣ ተመርቆና ተለቅሶለት ሲያበቃ በማግስቱ ጠዋት ጎፋ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ለሚገኝ ሰው ግን አማርኛችን ምንም አላዘጋጀለትም። «አለሽ እንዴ?» ነው የሚሉኝ። አለሁ፤ ምን ልበል?

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ጥፋቱ የእማዬ መሆኑን ግን ከወዲሁ እወቁልኝ።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ነርስ ነኝ፤ ሰፈሩ በሙሉ «ሲስተር» ስለሚለኝ ስሜን የምታውቀው እማዬ ብቻ ትመስለኛለች፤ እሷም ስትቆጣ ነው የምትጠራኝ። በዚያ ሰሞን ቦትስዋና የሚባል አገር ነርስ ይፈልጋል የሚል ወሬ ተነሳ። ደመወዙን የሰማ ሰው እንዴት ዝም ብሎ ይቀመጣል? ማመልከቻ ላክሁ፤ ላክሁና ረሳሁት። አንድ ቀን «ተቀብለንሻል፤ በሰኔ ሥራ ጀምሪ» የሚል ደብዳቤ መጣልኝ።

እማዬን ከፊቴ አስቀምጬ፣ ክሊራንሴን ሳልጨርስ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል ለመንኳት። መቼም ክሊራንስ የማያውቅ የለም፤ መሥሪያ ቤት ሰው ሲለቅ «ምንም የለባትም» ብሎ የሚሰጠው ወረቀት ነው። እማዬ በገብርኤል ማለች። እውነቱን ለመናገር መሐላዋንም ጠበቀች፤ ጉልት ላይ ሽንኩርት ለምትሸጥ አንዲት ሴት ብቻ ነው የነገረችው። ያቺም ለአንድ ሰው ብቻ ነገረች። እንዲህ አንዱ ለአንዱ ብቻ እየነገረ እሑድ ሲደርስ ግቢያችን ውስጥ የእድሩ ድንኳን ተተከለ።

ድንኳኑን ያስተከሉት ሻምበል ናቸው። ሻምበል የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ ጦሩ ሲበተን ሰው ማዘዝ ስለቀረባቸው እድሩን ተረከቡ። «ለልቅሶ ብቻ ነው እንዴ የምናዋጣው? አንድ ቀን እንኳ ለደስታ እንትከለው እንጂ» ብለው አዘዙ አሉ፤ ሰፈሩም ታዘዘ። ቦትስዋና የት እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ አሜሪካን አለፍ ብሎ ነው ይላል፤ ሌላው የለም፣ ሞያሌን አለፍ ብሎ ነው ይላል። በዚህ ምክንያት ብርድ ይሆናል ያሉት ጋቢ፣ ሐሩር ይሆናል ያሉት ጃንጥላ ሰጡኝ። ዳቦ ቆሎው፣ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቋንጣው ለአንድ ሻለቃ ጦር ስንቅ ይበቃል። ንግግርም ተደረገ። የተናገረው ሁሉ የጨረሰው «ምንም ቢቸግርሽ እኛ አለንልሽ» እያለ ነው። ይቺን ቃል ያዙልኝ።

አንድ ሰው ብቻ አልተናገረም፤ ጋሽ ወርቁ። ጋሽ ወርቁ የሟቹ አባቴ ጓደኛ ነው፤ ሚስት አላገባ፣ ልጅ አልወለደ፣ ዕድሜውን በሙሉ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የሸሚዝ ኮሌታ ሲሰፋ ኖሯል። ሰው ሲያገኝ ከዓይኑ በፊት አንገቱን ነው የሚያየው፤ ኮሌታህ ከተጣመመ ሳያቃናልህ ሰላም አይልህም። በዚያ ቀን በራሱ እጅ የሰፋውን ነጭ የነርስ ጋዋን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። በውስጥ በኩል፣ ከልብ ትይዩ፣ የሚቆለፍ ኪስ አበጅቶለታል። «የሰው አገር ነው፤ ገንዘብሽን እዚህ ትይዣለሽ» አለኝና ጥግ ሄዶ ተቀመጠ።

ሰኞ ጠዋት ደረቴን ነፍቼ ሆስፒታላችን አስተዳደር ቢሮ ገባሁ። ኃላፊው አቶ ጌታሁን ይባላሉ፤ ጨዋና ቀጭን ሰው ናቸው፤ ማኅተማቸውን ከመሳቢያ አውጥተው ሲመልሱ የተኛ ሕፃን የሚያስተኙ ነው የሚመስሉት። ፋይሌን ገለጥ ገለጥ አደረጉና፣ «ሲስተር፣ አንቺ እኮ ተበዳሪ ነሽ» አሉኝ።

ውሸት አይደለም። ከዓመታት በፊት ጤና ረዳት ሳለሁ ወጪዬን ሆስፒታሉ ችሎ ነርስነት አስተምሮኛል። ስማር ፈርሜያለሁ፤ ተመርቄ የተወሰኑ ዓመታት ላገለግል፣ ሳልጨርስ ብሄድ ለትምህርቴ የወጣውን በሙሉ ልከፍል፣ እኔ ብጠፋ ደግሞ ዋሴ ሊከፍል። አንዲት ክረምት ብቻ ስለቀረችኝ «ለአንድ ክረምት ማን ይጠይቀኛል» ብዬ ነበር። አቶ ጌታሁን ጠየቁኝ። አንድ ቀን ጎደለ ማለት ሙሉው ጎደለ ማለት ነው አሉ። ወይ እስከ መስከረም ልሠራ፣ ወይ ሙሉውን ባንዴ ልከፍል፤ ይህን ትቼ ብሄድ የዋሴ ደመወዝ ይቆረጣል፤ ጡረታ ሊወጣ ከሆነም የእሱም ክሊራንስ ይያዛል። እንግዲህ ገብቷችኋል፤ ዋሴ ጋሽ ወርቁ ነው፤ ጡረታውም በዚያው ዓመት ነው።

እንዴት ዋሴ ሆነ ብትሉ፣ ያኔ ደሞዝተኛ ዋስ አምጪ ስባል አጎቶቼ ሁሉ ባንድ ሳምንት ውስጥ ታመሙ። አንደኛው «ለሰው ዋስ ሆኜ ተቃጥያለሁ» ብሎ ማለ፤ ማን እንዳቃጠለው እስካሁን አልነገረንም። ጋሽ ወርቁ ግን ማንም ሳይጠራው፣ የደመወዝ ማስረጃውን በላስቲክ ሸፍኖ፣ ከረባት አስሮ መጣና ፈረመ።

ቦትስዋናዎቹ እስከ መስከረም ይጠብቁኝ እንደሆነ ከቴሌ በፋክስ ጠየቅሁ። የመሥሪያ ቤትሽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ካላየን አንጠብቅም አሉ። አቶ ጌታሁንን ደብዳቤውን ጻፉልኝ ብላቸው፣ ከውጭ አገር ጋር መጻጻፍ የሥራ ድርሻዬ አይደለም አሉ። ስለዚህ ገንዘብ ተበድሬ ባንዴ ልክፈል አልኩና በድንኳኑ ውስጥ «አለንልሽ» ያለውን ሰው አንድ በአንድ መዞር ጀመርኩ። ሰው አለንልሽ ሲልህ መቼና የት እንደሆነ አብረህ ጠይቅ። አንዱ ቤት እየሠራ ነው፤ አንዱ ልጅ እየዳረ ነው፤ አንዱ ደግሞ ብድር የሚለውን ቃል ገና ሳልጨርሰው በጓሮ በር ወጥቶ ሄደ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን ቤት እየሠራሁ ነው እል ነበር።

ከዚያ የመደበቅ ዘመን መጣ። ሥራ ስሄድ በዋናው መንገድ መሄዱን ትቼ ወደ መካኒሳ ዞሬ በጭቃው በኩል እሄዳለሁ። ታክሲ ውስጥ በነጠላዬ እስከ ዓይኔ እሸፈናለሁ፤ ይኼኔ ጎረቤቴ ከኋላ ሆና «ሲስተር፣ ጥርስሽን አመመሽ እንዴ?» ትላለች። እቤት ደግሞ «ምን ሆና ቀረች?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ አይጠፋም። እንግዳ ባዶ አፉን አይሸኝ፤ እማዬ ከሻንጣዬ ቋንጣውን እያወጣች ፍርፍር ትሠራለች። አንዷ ጎርሳ ጎርሳ፣ «ይቺ ቋንጣ እንኳ ጨው አንሷታል» አለች። የሰጠችን እሷው ናት። እማዬ አየችኝ፣ እኔም አየኋት፤ ሁለታችንም ዋጥነው። እንዲህ እንዲህ እያለ የስንብት ስጦታዬን ሰፈሩ መልሶ በላው። ከሻንጣው ያልተበሉት ጋቢው፣ ጃንጥላውና ጋዋኑ ብቻ ቀሩ።

ግንቦት ሊያልቅ ነው። እዚህ ላይ መሳቄን ልተወውና ልንገራችሁ፣ ያ ሥራ ለእኔ ቀልድ አልነበረም። የቤታችን ጣሪያ ያፈሳል፤ እማዬ ዓይኗን መታከም አለባት፤ ታናናሾቼ ይማራሉ፤ የኔ ደመወዝ ከወሩ አጋማሽ አልፎ አያውቅም። አንዷ ባልደረባዬ የመድኃኒት ክፍሉን በር ዘግታ መከረችኝ፤ ዝም ብለሽ ውጪ፣ እዚያ ደርሰሽ ትልኪያለሽ፣ ስንቱ እንዲህ አድርጎ የለም ወይ አለች። አዎ፣ ስንቱ አድርጓል። የስንቱ ዋስ ደግሞ በየቢሮው በር ቆሞ ቀርቷል።

ጋሽ ወርቁ ከእማዬ ሰምቶ ኖሯል፤ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሆስፒታል ድረስ መጣ። መጀመሪያ ኮሌታዬን አቃናልኝ።

«ሂጂ» አለኝ። «ደመወዜን ይቁረጡት። ለማን ላስቀምጠው ነው?»

«ጋሼ፣ ጡረታህ ይያዛል እኮ።»

«ይያዛ። እኔ ዳቦና ሻይ ይበቃኛል።»

ተቆጣሁ። የተቆጣሁት በእሱ አይደለም፤ በማን እንደሆነም አላውቅም። አይጥ በበላ ዳዋ ሲመታ ዝም ብዬ አላይም፣ አልሄድም በቃ አልኩና እዚያው የበሽተኞች አግዳሚ ወንበር ላይ አለቀስኩ። እሱም አጠገቤ ተቀመጠ። የሚያልፉ አስታማሚዎች ሰው የሞተብን መስሏቸው «እግዜር ያጥናችሁ» እያሉን አለፉ።

ጋሽ ወርቁ ከዚያ ተነስቶ ሻምበል ዘንድ እንደሄደ የሰማሁት በኋላ ነው። በማግስቱ ሥራ ላይ እንዳለሁ አንዷ ነርስ እየሮጠች መጣችና፣ አስተዳደር ቢሮ ሽማግሌ ቆሟል፣ አቶ ጌታሁንን ልጅህን ለልጃችን እያሉት ነው መሰለኝ አለችኝ። ሮጬ ብሄድ ሻምበል፣ የሰፈራችን ቄስ መምሬ ኃይሉና ኦቦ በንቲ ነጭ በነጭ ለብሰው ከጠረጴዛው ፊት ተደርድረው ቆመዋል። ኦቦ በንቲ የላፍቶ ገበሬ ናቸው፤ ሰፈራችን የተሠራው የአባታቸው መሬት ላይ ነው፤ ዛሬም ወተታችን የሚመጣው ከሳቸው ቤት ነው።

ለካስ ሰፈሬ ገንዘብ ባይኖረው ሽማግሌ አለው። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ ይላካል፤ ደም ሲፈስ ሽማግሌ ይላካል። እኔና መሥሪያ ቤቴ ተጣልተናል፤ ስለዚህ ሻምበል ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሽማግሌ ላኩ። ሽማግሌ ደግሞ ቃል ሳይሰጠው አይቀመጥም።

አቶ ጌታሁን ወንበር አሳዩአቸው። አንቀመጥም አሉ። አቶ ጌታሁን ያሳደጋቸው አላቸው፤ አባት የሚሆኑ ሰዎች ቆመው እሳቸው እንዴት ይቀመጡ? ተነሱ። አለቃዋ ሲነሱ ታይፒስቷ ተነሳች። የዓመት ፈቃድ ሊሞላ የገባ ዘበኛ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው ኮፍያውን አውልቆ በተጠንቀቅ ቆመ። ስልክ ጮኸ፤ አቶ ጌታሁን ቆመው አነሱት፤ ቆመው «አዎ ጌታዬ» አሉ። ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው፤ ሰው ሁሉ ቆሟል። እኔም በሩ ላይ ቆምኩ።

ሻምበል ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ልጅቷ የእኛ ብቻ አይደለችም፣ የእናንተም ናት፤ አስተምራችሁ ለወግ ያበቃችኋት እናንተ ናችሁ፤ ልጅ ከቤቱ ሲወጣ ተኳርፎ አይወጣም አሉ። አቶ ጌታሁን ላብ አጠመቃቸው። በመጨረሻም፣ «አባቶቼ፣ ዕዳ መሰረዝ ሥልጣኔ አይደለም» አሉ።

«ማን ሰርዝ አለህ?» አሉ ሻምበል። «ዕዳ ዕዳ ነው፤ ክረምቱን ትሥራ። የምንለምንህ እስከ መስከረም ጠብቋት የምትል አንዲት ደብዳቤ ነው።»

አቶ ጌታሁን ስለ ሥራ ድርሻ ሊያስረዱ ሞከሩ። መምሬ ኃይሉ መስቀላቸውን አወጡና ከፍ አድርገው ያዙት። ያኔ ኦቦ በንቲ ምርኩዛቸው ላይ ደገፍ አሉና ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ጉልበቴን ያመኛል» አሉ።

«ይቀመጡ እንጂ አባቴ፣ በገብርኤል!»

«አንተ ስትጽፍ እቀመጣለሁ።»

ታይፒስቷ ማንም ሳያዛት ጽሕፈት መኪናዋ ላይ ወረቀት አስገባች። አቶ ጌታሁን አዩዋት፤ እሷ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር አየች። ከዚያ ቁጭ ሳይሉ፣ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ደብዳቤውን አስጻፉ። ማኅተሙ ዷ ሲል ሦስቱም ሽማግሌዎች እፎይ ብለው ተቀመጡ፤ ከተቀመጡ በኋላ ግን የሚያነሳቸው ጠፋ። መምሬ ኃይሉ ሆስፒታሉን በየክፍሉ መረቁት፤ ኦቦ በንቲ ደግሞ በኦሮምኛ የአቶ ጌታሁንን ልጆች፣ ያልተወለዱትን ጨምረው፣ መረቁ። አቶ ጌታሁን ምሳቸው አመለጣቸው፤ ፊታቸው ግን ደስ ያለው ሰው ፊት ነበር። እኔም እየሳቅሁ አለቀስኩ።

ቦትስዋናዎቹ እሺ አሉ። ያን ክረምት ሠራሁ፤ ዝናቡ ሲመታኝ፣ መስኮቱ ሲንጠባጠብ፣ በሽተኛው ሲበዛ ሠራሁ። ሰፈሩ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ቢያሾፍብኝም ሥራዬን ቀጠልኩ። መስከረም ጠባና አቶ ጌታሁን ማኅተማቸውን ከተኛበት ቀሰቀሱት፤ ከማንም ዕዳ ነፃ ነኝ፤ ዋሴም ከኃላፊነቱ ተለቋል። ወረቀቱን ይዤ በቀጥታ የሄድኩት ጋሽ ወርቁ ዘንድ ነው። ጡረታ ወጥቶ ቤቱ ደጃፍ ፀሐይ እየሞቀ አገኘሁት። እልል ይላል ብዬ ነበር።

መነጽሩን አድርጎ ቀስ ብሎ አነበበ። መልሶ አጠፈው። ፈገግም አላለም።

«ፋብሪካ እያለሁ ስላንቺ ሳወራ፣ ምንህ ናት ይሉኝ ነበር» አለኝ። «ዋሷ ነኝ እላለሁ። አጎትሽ አይደለሁ፣ አባትሽ አይደለሁ። እንግዲህ ምንህ ናት ቢሉኝ ምን እላለሁ?»

ሸክም ያወረድኩለት መስሎኝ ሮጬ መጣሁ፤ ለካስ የያዘውን ነው የወሰድኩበት። ኮሌታዬን እንዲያቃናልኝ ጠጋ አልኩት፤ አቃናልኝና ተሰናበትኩት። እስከ ቤቴ ድረስ እንባዬን እየጠረግሁ ሄድኩ።

የምሄድበት ቀን ደረሰ። ድንኳን የለ፣ ንግግር የለ። የሰፈሩ ሰው «እስቲ መጀመሪያ አውሮፕላኑ ይነሳ» ብሎ በየበሩ ቆሞ ያያል። ታክሲው ደጅ ላይ ይጮኻል። ሻንጣዬን ላነሳ ስል እማዬ ላዩ ላይ ተቀምጣበታለች። ክረምቱን ሙሉ «ሂጂልኝ፣ ይቅናሽ» ስትል የከረመችው እማዬ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ አልነሳም አለች።

«አትመለሺም» አለችኝ። «ከሄደው ሁሉ ማን ተመለሰ? በምን አምኜሽ ልነሳ?»

ማልኩላት፤ መሐላዬን አልተቀበለችም፤ መቼም እሷ ራሷ መሐላ እንዴት እንደሚጠበቅ ታውቃለች። ሻምበል ሊያግባቡ ሞከሩ፤ ጭራሽ ሻንጣውን በሁለት እጇ ያዘችው። ቀና ስል ጋሽ ወርቁን አየሁት፤ ከአጥሩ ውጪ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ እንደማይመለከተው ሰው ቆሟል።

«ጋሼ» አልኩት፤ «እመለሳለሁ። ለእማዬ ዋስ ሁነኝ።»

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባው። የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፤ የራሱን ኮሌታ አቃና፤ ግቢው ውስጥ ገብቶ እማዬ ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እትዬ በላይነሽ፣ ዋሷ እኔ ነኝ።»

እማዬ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «አንተ ጡረታ ወጥተሃል፤ ደመወዝ የለህም» አለችው።

«ራሴ አለሁ» አላት።

እማዬ ጥቂት አሰበችና ከሻንጣው ላይ ተነሳች።

ቦትስዋና ሙቀት ነው፤ ጃንጥላ የሰጡኝ አሸንፈዋል። ገንዘቤንም በጋዋኑ ኪስ ያዝኩ፤ ጣሪያውም ተሠራ፣ የእማዬም ዓይን ታከመ። እሱን ሌላ ቀን ሰው ይንገራችሁ፤ እኔ የምነግራችሁ ጋሽ ወርቁን ነው። እህቴ እንደጻፈችልኝ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታችን ይመጣል፤ በሩ ላይ ቆሞ ለእማዬ «አለሁ» ይላታል፤ እሷም «ይሁን» ትለዋለች፤ ይሄዳል። ዝናብ ቢሆን፣ ጉንፋን ቢይዘው አልቀረም።

ውሌን ጨርሼ ስመለስ ቦሌ ላይ እማዬን ለማቀፍ እጄን ዘርግቼ ሮጥኩ። ጋሽ ወርቁ መሀል ገባና ያዘኝ። አርጅቷል። ኮሌታዬን አቃናልኝ፤ እጄን ይዞ እማዬ ፊት አቆመኝ።

«እትዬ በላይነሽ፣ ይኸው ልጅሽ። ተረከቢኝ።»

እማዬ ወዲያው አላቀፈችኝም። በታከመው ዓይኗ ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ዞር በይ አለችኝ፤ ዞርኩላት።

«ከስታለች» አለች። «ጉድለት አለባት።»

«የጎደለውን ዋሱ ይተካል» አለ ጋሽ ወርቁ፤ ከኮቱ ኪስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዳቦ ቆሎ አውጥቶም ሁለቱንም እጆቼን ሞላልኝ።